በረት ውስጥ የቀረው ሙሽራ

ቤቴ የሚመጣ ሰው በሩን ጥርቅም አድርጎ ሲገባ "ገርበብ አድርገው" እለዋለሁ። ብርድም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን። ልጆቼ በዚህ ጠባዬ ይስቁብኛል። ነገሩ ከየት እንደመጣ የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ነን፤ እሷ ደግሞ ታሪኩን ባወራችው ቁጥር ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ነው የምገኘው። ስለዚህ ዛሬ እኔው ራሴ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ነቀምቴ ውስጥ የከብት ከታቢ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚያው ጎጆ የወጣ ሰው ነው፤ እኔ ግን ኦሮምኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ስራገጥና ስደባደብ ስለተማርኩ በሁለቱም ቋንቋ ለጭቅጭቅ የማልሰንፍ ጎረምሳ ሆንኩ። ስሜ አስማማው ይባላል። ስም ያወጡልኝ ሰዎች ጠባዬን ገና አላዩም ነበር።

ያን ሰሞን የምንከትበው "ደስታ" ለሚባለው በሽታ ነው። ይህን ስም ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ ከብት ሲፈጅ ያየ ሰው እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። ከብቱን መጀመሪያ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑ ያነባል፤ ከዚያ አፉና አፍንጫው ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይወድቃል። መድኃኒት የለውም። ያለው ክትባት ነው፤ ክትባቱም የሚያድነው በሽታው ሳይገባበት የተወጋውን ከብት ነው። በሽታው ቀድሞ ውስጡ ገብቶ ከሆነ መርፌው አይደርስለትም። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

የተከተበውን ካልተከተበው የምንለየው ጆሮውን በመብሳት ነበር። ባለቤቶቹ ይህን ቀዳዳ አይወዱትም፤ ያማረውን በሬ አበላሸህብኝ ብሎ ያኮረፈኝ ሰው ብዙ ነው።

በዚያው ወር የሰርጌ ቀን ተቆርጦ ነበር። ሙሽራዬ ውድነሽ ትባላለች፤ ሸዋ ተወልደው ነቀምቴ ጨርቅ የሚነግዱት የአቶ ወልደ ሰንበት ልጅ ናት። አባቷ ልጃቸውን "ቀኑን ሙሉ ከከብት ጋር ለሚውል ሰው" መስጠቱ አልተዋጠላቸውም፤ እሷ ሌላ አላገባም ብላ ነው እሺ ያሰኘቻቸው። ሰርጉ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት በመጨረሻው እሑድ ነው። ያቺ እሑድ ካመለጠች እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። አቶ ወልደ ሰንበት ደግሞ ሐሳባቸውን ለመቀየር የዚያን ሩብ ጊዜ አይፈልጉም።

ከሰርጉ በፊት የቀረኝ ሥራ ከኑኑ ቁምባ ወዲያ፣ በበቅሎ የሚኬድበት አንድ መንደር ነበር። እዚያ ሀገር በበጋ ከብቶቻቸውን በየቤታቸው አያሳድሩም። የመንደሩን ከብት በሙሉ አንድ ላይ አድርገው፣ በረቱን በአንዱ ሰው ማሳ ላይ ያጥሩታል። ማሳው ፍግ ሲጠግብ አጥሩን ነቅለው ወደ ሚቀጥለው ሰው ማሳ ያዞሩታል። ተረኛው ማን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ከበረቱ ጋር ጠባቂ የሚያድርባት ትንሽ የሣር ጎጆም አብራ ትዞራለች፤ ወንዶች በትከሻቸው አንሥተው ነው የሚወስዷት። በረቱን "ደላ"፣ ጎጆዋን "ጎዶ" ይሏቸዋል። ለከታቢ ይህ በረከት ነው፤ ከብት ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር የለም። ደርሼ ሁሉንም ወጋሁ፣ ጆሯቸውን በሳሁ፣ ተመርቄ ወደ ጎረቤት መንደሮች አለፍኩ።

ሥራዬን ጨርሼ ወደ ነቀምቴ ስመለስ መንገዱ በዚያው መንደር ያልፋል። የመድኃኒት ሳጥኑን የጫነችው በቅሎ ከፊቴ፣ ባለበቅሎው ከጎኔ፣ እኔም ስለ ሰርጌ እያሰብኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እያፏጨሁ ነበር። መንገዱ ላይ ሰዎች ቆመው አየሁ። ከፊት የቆመው ኦቦ ቶላሳ ነው፤ በክትባቱ ዕለት ከብት በመያዝ ከሁሉም በላይ ያገዘኝ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው። አሁን ሰላምታዬን አልመለሰም።

"ና፣ ሥራህን እይ" አለኝ።

በረቱ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ማሳ ላይ ነበር። ሁለት ላሞች ሞተው ተዘርረዋል። የቶላሳ ዳማ በሬ ቆሟል፣ ግን ዓይኑ ያነባል፤ አፉ ዙሪያ ቆስሏል። ሦስቱም ጆሯቸው ተበስቷል።

"ያልወጋኸው ከብት ሲሞት አላየንም" አለ ቶላሳ። "የወጋኸው ነው የሞተው።"

"ኦቦ ቶላሳ፣ ያልወጋሁት ከብት እኮ የላችሁም! በሽታው እኔ ሳልመጣ በፊት ገብቷል። መርፌው የሚደርሰው ገና ላልያዘው ነው።"

"ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው የምትነግረን?"

አነጋገሩ አስደነገጠኝ፤ ከሱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ከኋላው ያየሁት ነገር ነው። ሰዎች የየራሳቸውን ከብት በገመድ እያሰሩ ነበር። ወዴት ልትወስዱ ነው ብዬ ጠየቅሁ። በሽታ ሲገባ አባቶቻቸው የሚያደርጉትን ነው የሚያደርጉት፤ እያንዳንዱ ሰው ላሞቹን በየአቅጣጫው ላሉ ዘመዶቹ በአደራ ይበትናል። አንዱ ቦታ ቢያልቅ ሌላው ቦታ ይተርፋል። አንዱ ወደ ዋማ ወንዝ፣ አንዱ ወደ ነቀምቴ፣ ቶላሳ ደግሞ ነቀምቴን አልፎ ኡኬ ወዳለው ታላቅ ወንድሙ። ለድርቅና ለዘራፊ ከዚህ የተሻለ ብልሃት የለም። ለዚህ በሽታ ግን በሽታውን በገመድ እየሳቡ ለየዘመድ ማደል ነው።

ጮህኩ። በሁለቱም ቋንቋ ጮህኩ። "አንዲት ላም ከዚህ አጥር ከወጣች በሽታው አብሯት ይሄዳል! በመንገድ የምታገኛቸውን ከብቶች ሁሉ ትጨርሳለች! ጤነኛ መስላ ብትታያችሁም አትመኑ። ደህናዎቹ እስኪለዩ፣ አዲስ የታመመ እስኪጠፋ፣ እዚሁ ይቆዩ!"

የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ዲናግዴ በትራቸውን ተደግፈው ሲሰሙኝ ቆዩ። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ሌላው ዝም ይላል።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ከብቶቹ ከዚህ ባይወጡ ይተርፋሉ ነው የምትለው?"

"አብዛኞቹ ይተርፋሉ፣ አባቴ።"

"ዱጋ? እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"እንግዲያው ከብቶቻችን አይወጡም።" ልቤ መለስ አለ። ቀጠሉ። "አንተም አትወጣም። ቃልህ እውነት ከሆነ አብረሃቸው ጠብቅ። ውሸት ከሆነም ስንጠይቅህ እዚህ እንድትገኝ። አንተ ከአጥሩ የወጣህ ቀን እኛም ከብቶቻችንን እናወጣለን።"

"አባቴ፣ እኔ እኮ ሙሽራ ነኝ! እሑድ ሰርጌ ነው!"

ሁሉም ሰው ሳቀ። መሄድ የፈለገ ሰው ሁሉ እናቱ ታማለች፣ ወይ ሰርጉ ደርሷል። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር።

ባለበቅሎውን አሰናበትኩት። ለአለቃዬ፣ ፖሊስ እንዳይልክ ንገርልኝ አልኩት፤ ፖሊስ ሲመጣ ያዩ እንደሆን ከብቶቹን ይዘው በየጫካው ነው የሚበተኑት። ለውድነሽ ደግሞ እውነቱን ንገራት አልኩት። ከዚያ በረቱ መግቢያ ላይ ያለውን የእሾህ ክምር ከኋላዬ ጎትተው ዘጉት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ታስሮ የማያውቅ ሰው እስር ማለት ግንብና ቁልፍ ይመስለዋል። የእኔ እስር ቤት በትከሻዬ ብገፋት የምትገለበጥ የሣር ጎጆ ነበረች። እግሬን ስዘረጋ ውጪ ያድራል። አጥሩን አንድ ጊዜ ተንደርድሬ ልዘለው እችላለሁ። ዘበኛም አላቆሙብኝም። ይኸ ነው የከፋው። የሚጠብቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱን እየተራገምኩ እውል ነበር። እኔን የሚጠብቁኝ ግን እነዚያ ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚያመሰኩ ከብቶች ናቸው።

መንደሩ ገለባና ውኃ እየተሸከመ ያመጣል። የታመሙትን በአንድ ጥግ ለየኋቸው። የሞተውን ቆዳው እንኳ ሳይገፈፍ እንዲቀብሩ አዘዝኩ፤ ያን ቀን ቶላሳ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። በረቱ መዞሩን ስላቆመ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ተረኛ የነበረው ሰው "ፍጉ ሁሉ ለአዴ ጫልቱ ብቻ ሆነ!" እያለ በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ቆሞ ይነዘንዘኛል። ቀን ዝንቡ፣ ማታ ብርዱ። ልብሴም፣ እጄም፣ የምበላው ምግብም በረት በረት ይሸታል። አንድ ከብት ባሳለ ቁጥር ብድግ እላለሁ። እሑድን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ከዚያ መቁጠሩን ፈራሁት።

ከሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ አጥሩ ማዶ ነጭ ነጠላ አየሁ። ውድነሽ ናት። ወንድሟ መንገዱ ላይ በቅሎዎቹን ይዞ ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

እኔን ስታይ መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽታው ነው፣ ወይ መልኬ፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

"በእግር ብረት ነው ያሰሩት ብለውኝ ነበር" አለች።

"በእግር ብረት አይደለም።"

"ታዲያ በምንድነው?" አጥሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ይህን እኔ እንኳ እዘለዋለሁ።"

"እኔም እዘለዋለሁ።"

"ታዲያ ዝለለዋ!" ድምጿ ተሰበረ። "ዳሱ ተጥሏል። ጠጁ ደርሷል። አባባ ከሰው ፊት 'ለላም ሲል ልጄን የተወ' ይልሃል። አንተን ብዬ ስንቱን ተጣልቼ!"

"ውዴ፣ እኔ ከወጣሁ እነሱም ይወጣሉ። ከወጡ ደግሞ እዚህ ድረስ ስትመጪ በመንገድ ያየሻቸው ከብቶች ሁሉ ያልቃሉ። የሚያርሰው ሀገር ሁሉ በሬ አልባ ይቀራል።"

"እሺ፣ በሬዎቹን ገባኝ" አለች። "እኔስ?"

ከማሳው ማዶ ቶላሳ ውኃ ተሸክሞ ሲመጣ ቆሞ ያየናል። ውድነሽ በእጇ የያዘችውን አዲስ ነጭ ሸሚዝ ወረወረችልኝ፤ ለሰርጉ ያሰፋችው ነው። አጥሩ ላይ እሾህ ያዘው። ላላቅቀው ስሞክር ተቀደደብኝ። ቀና ስል እሷ መንገዱ ላይ ደርሳለች፤ ዘወር ብላም አላየችኝ። ያኔ አለቀስኩ። ከብት መሀል ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ማንም አያጽናናውም።

በማግስቱ የቶላሳ ዳማ ሞተ። በሚቀጥለው ቀን ጎህ ሲቀድ የእሾህ ክምሩ ሲጎተት ሰምቼ ከጎጆዬ በእንብርክኬ ወጣሁ። ቶላሳ ነው። የቀረችውን አንዲት ላሙን በገመድ ይዟታል። ላሟ ጤነኛ ትመስላለች፤ ፀጉሯ ያበራል።

"ወዴት ነው፣ ኦቦ ቶላሳ?"

"ኡኬ። ወንድሜ ጋ።"

"አይሆንም።"

"ስማኝ፣ ሐኪሙ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ለስለስ ብሎ ተናገረኝ። "ያቺን ልጅ አይቻታለሁ። ሰርግህ እውነት ነው፣ ተሳስተን ነው የሳቅንብህ። እሑድ ገና ነው። አሁን ብትነሣ ትደርሳለህ። እኔም ልሂድ፣ አንተም ሂድ። እኔ አላየሁህም፣ አንተም አላየኸኝም።"

ለምን እዋሻለሁ፤ ልቤ ሄዶ ነበር። እግሬም አንድ ርምጃ ሄዷል። በዓይኔ የመጣብኝ ዳሱ ነው፣ ሙሽራዬ ነች፣ ሙቅ ውኃ ነው። ከዚያ ድንገት ንዴት መጣብኝ። ፍቅርም፣ ሥራዬን መውደድም አይደለም፤ ንዴት ነው። መግቢያው ላይ፣ እበቱ መሀል፣ ቁጭ አልኩ።

"ያን ቀን ስትስቅብኝ የት ነበር ይኸ ደግነት?" አልኩት። "ሰርጌን አንዴ በልታችሁታል። አሁን ይህቺ ላም ከወጣች በከንቱ ነው የበላችሁት። በላዬ ላይ አሳልፋት።"

ገመዱን ጨብጦ ቆመ። "ሌላ የለኝም" አለኝ። "እሷ ብቻ ናት የቀረችው።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም።"

"እሺ አላውቅም። ግን አትወጣም።"

ላሟ ከላዬ ቆማ ጭንቅላቴ ላይ ትተነፍሳለች። ትንፋሿ ሞቅ ያለ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ሞቅ ያለ። ያን ጊዜ ልነግረው አልደፈርኩም። ቶላሳ አዙሯት ገባ። እሾሁንም ጎትቶ ዘጋው፤ እሱም ሳይወጣ እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጠ።

ፀሐይ ስትወጣ ላሟ ታነባ ነበር።

እሑድ ደረሰ። የሰርጌን ቀን ከበረት አጥር ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ። አዴ ጫልቱ ጩምቦ የሚባለውን፣ ቅቤና አይብ የተሞላ ወፍራም እንጀራ ሠርተው፣ በቅጠል ሸፍነው መጡ። "ለሙሽራው ነው" አሉኝ፤ እሳቸውም ሊስቁ ፈልገው ሳይችሉ ቀሩ። ከቶላሳ ጋር ከአንድ ገበታ በላን። ላሙን በማግስቱ ቀበርናት። ጉድጓዱን የቆፈርነው ሁለታችን ነን።

ከዚያ በኋላ የታመሙት ጥቂቶች ናቸው። ቆይቶም የሚታመም ጠፋ። የተበሳ ጆሮ ያላቸው ከብቶች በቁመታቸው፣ ገለባ እየተሻሙ፣ በረቱን ሞልተው ታዩ። ኦቦ ዲናግዴ አንድ በአንድ ዞረው አፋቸውን ከፍተው አዩ። ከዚያ አጥሩን በእጃቸው ጎትተው ከፈቱልኝ። ወንዶቹ ጎጆዋን በትከሻቸው አነሡ፤ በረቱ ወደ ተረኛው ማሳ ዞረ፤ ነዝናዛውም ዝም አለ። እኔ ግን በተከፈተው በር ለመውጣት እግሬ እንቢ አለኝ። አዴ ጫልቱ ናቸው እጄን ይዘው ያወጡኝ።

ነቀምቴ ስደርስ ጾም ገብቷል። ዳሱ ፈርሷል። አቶ ወልደ ሰንበት ደጃቸውን እንዳልረግጥ በሰው ላኩብኝ፤ ውድነሽም አልተናገረችኝም። በሳምንቱ ግን ሰፈሩ ሁሉ ወደ እሳቸው ግቢ ሲሮጥ አይቼ ተከትዬ ሄድኩ።

የኑኑ ቁምባ ሽማግሌዎች ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ የእርቅ ልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በሩ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ኦቦ ዲናግዴ ከኋላ ናቸው። ከፊት የቆመው፣ በሬውም ላሙም የሞቱበት፣ ቶላሳ ነው።

አቶ ወልደ ሰንበት ግቡ አላሏቸውም። ሂዱም ቢሏቸው አልሄዱም። ፀሐዩ ከረረ። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አቶ ወልደ ሰንበት ሱቃቸውን ለመክፈት መውጣት ፈለጉ፤ ሰዎቹን ገፍተው ካልሆነ በቀር መውጫ የለም። ሽማግሌ ገፍቶ ማን ይወጣል? ወደ ውስጥ ተመለሱ። እንደገና ብቅ አሉ። እንደገና ገቡ። እኔ ዳር ቆሜ ሳያቸው፣ ያን መመላለስ በሚገባ አውቀዋለሁ።

በመጨረሻ ወጡ። "ምንድነው የምትፈልጉት?"

"ይህን ልጅ ያሰርነው እኛ ነን" አለ ቶላሳ በተሰባበረ አማርኛ። "ሙሽራ ነኝ ሲለን ሳቅን። እኔ እንዲሸሽ በር ከፈትኩለት፣ እንቢ አለ። ላሜን ይዤ ኡኬ ልሄድ ነበር፣ ከለከለኝ። ላሜ ሞተች። የወንድሜ ከብቶች ግን ሁሉም አሉ። ሰርጉን እኛ በላን፤ ልንመልስ መጣን።"

"እሺ ካላልኩስ? እስከ መቼ ልትቆሙ ነው ደጄ ላይ?"

ቶላሳ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። "እሱ ለኛ የተቀመጠውን ያህል" አለ።

አቶ ወልደ ሰንበት ፊታቸውን ለማኮሳተር ብዙ ታገሉ። አልሆነላቸውም። "ሰው ማሰሩን ትችሉበታላችሁ" አሉና በሩን በሰፊው ከፈቱት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ፍርዱ የእናንተ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ ከብት ከትቤያለሁ፤ ወግቼ በማግሥቱ ጥዬው የሄድኩት መንደር ግን የለም። የሚጠራጠረኝ ገበሬ ሲገጥመኝ አልቆጣም፤ እዚሁ አድራለሁ እለዋለሁ፤ ያኔ ገመዱን ያላላል። ያን ቀን እበቱ መሀል ያስቀመጠኝ ጀግንነት ነው ብዬ አልመካም። በተዘጋ በር ውስጥ ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የተጋባነው ከፋሲካ በኋላ ነው። በሰርጌ ዋዜማ ያን ነጭ ሸሚዝ ለውድነሽ ወስጄ፣ እሾህ የበሳውን ክንዱን እንድትጠቅምልኝ ለመንኳት። ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን አስገብታ አየችውና መለሰችልኝ።

"እንዲሁ ልበሰው" አለችኝ። "የተከተበ ከብት በቀዳዳው ይለያል አላልክም?"